በአንድ አቡነ ዘበሰማያት ርቀት

ባሌ ወልደአረጋይ ድልድይ ጠባቂ ነበር። ንጉሡ ከአንኮበር ወደ እንጦጦ በዞሩበት ዘመን፣ ከአልዩ አምባ ሽቅብ የሚወጣ አህያ ሁሉ በሱ እጅ ያልፋል። ለሰሚው ቀላል ሥራ ይመስላል፤ እስቲ ይሞክረው።

መንገዱ ገደል ለገደል ነው፤ አንዴ የገባ አህያ ቆሞ አይጠብቅም፣ ዞሮም አይመለስም። ከጠመዝማዛው ጀርባ የግንድ ድልድይ አለ፤ የሚችለው አንድ የተጫነ አህያ ብቻ ነው። ወልደአረጋይ ታች ሜዳው ላይ ቆሞ አንድ በአንድ ይለቃል። ድልድዩ ከዚያ አይታይም፤ ቢጮኹም የወንዙ ጩኸት ድምፅ አያሰማም።

መጀመሪያ ክፍተቱን የሚለካው በእርምጃ ነበር፤ በሁለት አህዮች መካከል ሠላሳ እርምጃ። ዳገቱ ላይ ግን የፊተኛው ሲያዘግም የኋለኛው ገና በሜዳ ጉልበቱ ይመጣል፤ ሠላሳው አሥር ይሆንና ሁለቱ ድልድዩ ላይ ይገናኛሉ። የዓወል ግራጫ አህያ ከነጨው ጭነቷ ገደል የገባችው እንዲህ ሆና ነው። ዓወል የአልዩ አምባ ነጋዴ ነው፤ አንዲት ክፉ ቃል አልተናገረም። ከዚያ ወዲያ ግን አህዮቹ በመጡ ቁጥር ከባሌ አጠገብ ቆሞ እጁን ያያል። የኔ ሰው በዚህ ተቃጠለ።

በሦስተኛው ቀን ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ወለቴ፣ እርምጃው ይጠባል፤ ጊዜው ግን አይጠብም።» አንድ አህያ ድልድዩን እስኪሻገር አንድ አቡነ ዘበሰማያት ያደርሳል። ስለዚህ አንዱን ለቆ ጸሎቱን ይላል፤ አሜን ሲል ሌላውን ይለቃል። ሁለት ዓመት አንድም አህያ አልወደቀም። ዓወል ግን አሁንም አጠገቡ ይቆም ነበር።

እኔ በጠብ ጊዜ ምላሴ አይቻልም፣ ጸሎት ላይ ግን እጎተታለሁ። «ያንቺ አቡነ ዘበሰማያት እስኪያልቅ የዘራነው ገብስ ይደርሳል» እያለ ባሌ ያሾፍብኛል።

ሐምሌ ላይ ነው። የዓወል ሚስት ኩብራ ወሯ ገብቶ፣ ላይ አገር እናቷ ቤት ልትወልድ በበቅሎ መጣች። ከፊቷ ስምንት አህዮች አሉ። ደጋው በደመና ጠቁሯል፤ ጎርፍ ሳይደርስ ሁሉም መሻገር አለበት። ግንዱ ደግሞ ረጥቧል፤ አህያ በርጥብ ግንድ ላይ ቀስ ይላል።

ምሳ ይዤለት መጥቼ አየሁት። ጸሎቱን ያጣድፋል፤ አምስተኛውን ጊዜው ሳይደርስ ለቀቀ። የስድስተኛውን ገመድ ይዞ ቀረ።

«ልቀቀው እንጂ፣ አያ ወልደአረጋይ» አለ ዓወል።

ባሌ ወደኔ ዞረ። «ፈርቻለሁ። ፍርሃቴ ጸሎቱን እያሮጠብኝ ነው። ወለቴ፣ አንቺ በይልኝ፤ በራስሽ አካሄድ።»

አልኩለት። ምላሴ እንደ ልማዷ ትጎተታለች። አሜን ስል ይለቃል። ስምንቱም በየተራ ሄዱ፤ ኩብራ ሆዷን ደግፋ አለፈችን። ዓወል ተከትሏት ሊሮጥ ሲል ባሌ ክንዱን ያዘው።

«ግንዱ ሁለታችሁን አይችልም። እመነኝ።»

ዓወል ቆመ። እንዲያ የረዘመ ጸሎት ብዬ አላውቅም። አሜን ስል ክንዱን ለቀቀው፤ ሮጠ። ጎርፉ የመጣው ሁሉም፣ እሱም ጭምር፣ በደህና ከተሻገሩ በኋላ ነው።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን የዓወል አህዮች መጡ፤ እሱ ግን የለም። ባሌ ክው አለ።

«ዓወል ምን ሆነ?» አለው የአህዮቹን ነጂ።

«ደህና ነው፤ ልጁን ታቅፎ ተቀምጧል። ወልደአረጋይ እዚያ ካለ እኔ ምን አደርጋለሁ ብሎ ቀረ።»

ባሌ ፊቱን አዙሮ አለቀሰ፤ ከዚያ የመጀመሪያውን አህያ ለቀቀ። የዚያን ቀን የሱ አቡነ ዘበሰማያት ከኔም ዘገየ።