ናዳው ላይ የሚተከል ዝግባ

ከሲቀላ ከተማ ዝግባ ልንተክል ወደ ደጋው የወጣን በጎ ፈቃደኞች ሜዳው ላይ እየዘፈንን ፎቶ ስንነሳ፣ አንዲት ሴት ብቻዋን ቁልቁለቱ ላይ ትተክል ነበር። የለበሰችው የወንድ ሹራብ ነው፤ እጅጌው ስለረዘመባት ሁለቴ አጥፋዋለች። ችግኙን ከፕላስቲኩ ታወጣና ጉድጓዱ ውስጥ ታቆመዋለች፤ ከዚያ አፈሩን በመዳፏ ቀስ ብላ ትደለድላለች። ፊቷ ላይ ደስታም ሐዘንም አይነበብም።

"እህቴ፣ እዚህ ያዳልጣል። ሜዳው አይሻልም?" አልኳት።

"ቤታችን እዚህ ነበር" አለች ቀና ሳትል። "ዝግባው ተቆርጦ ሲያልቅ፣ በክረምት ጋራው ተናደብን። ባሌንና ልጄን ፈልገን አጣናቸው። ከዚህ ሥር ናቸው።"

አጠገቧ ተንበርክኬ ዶማ አነሳሁ።

ክንዴን ያዝ አደረገችኝ።

"በጣም አታጥልቀው" አለችኝ።