ባሪያ ያልነበረው ገበሬ ለምን ተዋጋ

ሸሕዲ ውስጥ ታሪክ ማስተማር ከጀመርሁ ስድስተኛ ዓመቴ ነበር። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ አንድ አንቀጽ አነብና በአማርኛ አስረዳለሁ። የዚያን ቀን ተራው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ነበር። ሰሌዳውን በጠመኔ ለሁለት ከፍዬ ከላይ ሰሜን፣ ከታች ደቡብ ብዬ ጻፍሁ። ደቡቦቹ ጥጥ በባሪያ ያስለቅሙ እንደነበር፣ አገሪቱ ወደ ምዕራብ በሰፋች ቁጥር በአዲሱ መሬት ባርነት ይፈቀድ አይፈቀድ እያሉ እንደተጣሉ፣ ያመለጠ ባሪያ ሰሜን ድረስ እየተሳደደ ሲያዝ ጠቡ እንደከረረ አስረዳሁ። በመጨረሻ ባርነት እንዳይስፋፋ የሚፈልግ ሰው ፕሬዚዳንት ሆኖ ሲመረጥ ደቡቦቹ ተገነጠሉ፤ ጦርነቱም ተጀመረ። በየዓመቱ እንዲሁ ነበር የማስተምረው።

መስኮቱ አጠገብ የምትቀመጥ፣ ከመተማ ዮሐንስ መጥታ ቤት ተከራይታ የምትማር ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ደቡብ ያለው ሰው ሁሉ ባሪያ ነበረው?»

«የለም። ብዙው ድሃ ገበሬ ነበር።»

«ታዲያ ባሪያ የሌለው ለምን ተዋጋ?»

አንዳንዱ ለአገሬ ብሎ፣ አንዳንዱም ተገድዶ ነው አልኋት።

«እሱስ ይሁን። ግን ባርነት ቢቀር እሱ ምን ይቀርበታል?»

ደወሉ ተደወለ። አንብቤ እመልስልሻለሁ ብያት ወጣሁ።

ያሉኝን መጻሕፍት አገላበጥሁ። ስለ ጥጡና ስለ ምርጫው ብዙ ይላሉ፤ ያ ገበሬ ግን ውስጣቸው የለም። ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። በሳምንቱ ልጅቷ ራሷ መጣችና፣ «ጥያቄውን ለአያቴ ነገርኋቸው። መተማም ድሮ ሰው ይሸጥባት ነበር፣ ቲቸርሽን ይዘሻት ነይ አሉኝ» አለችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ አብረን ወረድን። አያቷ ሰማንያ ያለፋቸው፣ ዕድሜያቸውን በሰሊጥና በማሽላ እርሻ የጨረሱ ሰው ናቸው። ቤታቸው ጉምሩክ ለመድረስ ተራ ከሚጠብቁት የጭነት መኪኖች ጀርባ ነው። ገበያው የት እንደነበር ስጠይቃቸው በዘንጋቸው ከድንበሩ ማዶ ወዳለችው የሱዳን ከተማ፣ ወደ ጋላባት አቅጣጫ አሳዩኝ። ባጃጆች ተሰልፈዋል፤ ከማዶው ጦርነት የሸሹ ሴቶች ሻንጣ ተሸክመው ይገባሉ።

«የአባቴን እናት እዚህ ለሽያጭ አምጥተዋት ነበር» አሉ። «ሕፃን ስለነበረች ከየት እንዳመጧት አታውቅም። ወባ ሲጥላት ነጋዴው ትቷት ሄደ። አንድ ገበሬ አንስቶ አዳናት። ነፃ ወጣች ይሉ ነበር፤ ግን እሱ ቤት ስትፈጭ ኖራ ሞተች።»

ልጅቷ ቀና ብላ አየቻቸው። ይህን ሰምታ እንደማታውቅ ያስታውቅባታል።

«ጎልማሳ ሳለሁ ለአያትሽ ሽማግሌ ላክሁ» አሏት። «አባቷ እንደኔው ሳሉግ ነበር፤ ከደጋ ወርዶ የሰው ሰሊጥ የሚያጭድ። አንድ በሬ እንኳ አልነበረውም። አንድ ዳስ እንተኛለን፣ በአንድ ጣሳ እንጠጣለን። ሽማግሌዎቹን ግን ‹ለባሪያ ዘር ልጄን አልሰጥም› ብሎ መለሳቸው። ትልቁ ልጁ ‹አብሮን የሚደክም ሰው ነው፣ ስጠው› አለ። ታናሹ ካባቱ ጋር ቆመ። መጀመሪያ ክርክር ብቻ ነበር። ኋላ ባንድ ትሪ መብላት ተዉ። ከዚያ ዳስ ለዩ። አጨዳው ሳያልቅ ወንድማማቾቹ ገጀራ ተማዘዙ፤ ታላቁ ትከሻውን ተመታ።»

«አባቷ ምን ይቀርብኛል ብሎ ነው?» አልሁ። ጥያቄው የተማሪዬ መሆኑን ያወቅሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

ዘንጋቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። «እኔም ብዙ አስቤበታለሁ፣ ልጄ። ያ ሰው ምንም የለው። እኮራበታለሁ የሚለው አንድ ነገር እኔን አለመሆኑ ነበር። ልጁን ቢሰጠኝ እሱም ይሄድበታል።»

ሽማግሌ የተላከባት ሴት ግን በራሷ እግር መጣችላቸው፤ ሳንጃ ከተማ ሄደው ተጋቡ። አባቷ ሲያረጅ ዓይኑ ጠፋ፤ ታናሹ ልጅ አላስጠጋም ሲል እሳቸው ቤታቸው አስገቡት።

«ቤተ ክርስቲያን እጁን ይዤ አደርሰው ነበር» አሉ። «እስኪሞት ድረስ ግን አንድ ቀን በስሜ አልጠራኝም።»

ልጅቷ «እኔም የባሪያ ዘር ነኝ እንግዲህ፣ አባባ?» አለች።

«አንቺም ነሽ። እናትሽ አትንገራት ብላ ስትለምነኝ ኖራለች። እንዲህ ያለ ነገር ከጠየቅሽ ግን ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሚው ከኔ ስሚው ብዬ ነው።»

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ተቀመጠች። እኔ መልስ ፍለጋ ነበር የሄድሁት፤ ለሷ ምን እንደሚያመጣባት አላሰብሁም። ስንወርድ፣ የቤተሰቧን ነገር ሳላነሳ ክፍሉን ራሴ እንደማስረዳ ነገርኋት። እሺ ብላ ራሷን ነቀነቀች።

ሰኞ ግን እጇን አውጥታ ተነሳችና ሁሉንም ተናገረች፤ የአያቷን አያት፣ ትሪውን፣ ገጀራውን። ከኋላ አንዱ «ታላቁ ወንድም ዳነ?» አለ። «ድነዋል። እጃቸው ግን ወደ ላይ አይነሳም» አለች። ሰሌዳው ላይ የአሜሪካኖቹን ጠብ ደረጃ በደረጃ ጻፍሁ፤ አጠገቡ የሳሉጎቹን። ጠቡ የቱ ላይ ሊቆም ይችል ነበር ብዬ ጠየቅሁ። አንዱ ሽማግሌዎቹ የተመለሱ ዕለት ነው አለ፤ ሌላዋ ትሪው ላይ ነው አለች። የኛም ትምህርት ቤት በዚያ ዓመት መንገድ ላይ በተተኮሰ ጥይት ለሳምንታት ተዘግቶ ነበር። ያንን ያነሳ ባይኖርም ክርክሩ ደወሉ ከተደወለም በኋላ አላቆመም።

በማግስቱ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አብራት የምትቀመጠው ጓደኛዋ ወደ ኋላ ሄዳ ተቀመጠች። ለብቻዋ ጠርቼ ስጠይቃት «አባቴ ነው ከሷ ጋር አትቀመጪ ያለኝ» አለችኝ። ቦታው ሦስት ቀን ባዶ ቆየ። በአራተኛው ቀን «ትሪው ላይ ነው» ያለችው ልጅ ደብተሯን ይዛ መጥታ ተቀመጠች። ጓደኛዋ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ወደ ቦታዋ አልተመለሰችም።