ከሚዛኑ በላይ የነበረችው በቀቀን

የእህቴ ልጅ ስልክ ላይ አንዲት በቀቀን ስታወራ ስሰማ፣ የመሐል ሜዳው ሱፍ ነጋዴ የሚዛን ሰንሰለት ጆሮዬ ውስጥ ተንቃጨለ።

ነጋዴው ጋሽ ተካ፣ ሾፌር ወንድማቸው ያመጣላቸውን፣ መልኳ አመድ ጭራዋ ቀይ የሆነ በቀቀን ደጃፋቸው ላይ፣ ከሚዛኑ በላይ ሰቅለው ያኖሩ ነበር። ሱፍ ሲገዙ ሚዛኑ ላይ የተሰቀለውን ከረጢት ከሥር በጉልበታቸው ደግፈው ያቀሉታል። አንድ የገበያ ቀን እናቴ አየቻቸው።

«ጉልበትዎን ያንሱ!» አለቻቸው።

«ሱፉን እንዲከብድ ውሃ አጠጥተሽ መጥተሽ!» ብለው ከረጢቷን ጭቃው ላይ ዘረገፉት። ሱፉ ደረቅ ነበር። ገበያተኛው ግን ሳቀባት።

«ለመድኃኔዓለም ሰጥቼዋለሁ» አለች፣ ከጭቃው እየለቀመች። እኔ የስምንት ዓመቷ ልጅ ግን ቤታቸውን በድንጋይ ልደበድበው ማልኩ።

ከዚያ በኋላ በየገበያው፣ ጋሽ ተካ ለምሳ ሲገቡ፣ እናቴ እኔን አህያዋ ዘንድ ትታ ወደ ወፏ ትሄዳለች። ሰንሰለቱን ነቅነቅ ታደርግና አንድ ነገር ብላ ቆሎ ታጎርሳታለች።

«እዚያ ሰውዬ ደጅ ምን ትሠሪያለሽ?» ስላት፣ «ወፏ ምን አደረገችኝ?» አለች።

አንድ ቀን ጋሽ ተካ የአንድ ቄስ ሱፍ ሰቀሉ። ሰንሰለቱ ተንቃጨለ። በቀቀኗም በእናቴ ድምፅ፣ «ጉልበትዎን ያንሱ!» አለች። ቄሱ ጎንበስ ብለው ሲያዩ የጋሽ ተካ ጉልበት ከከረጢቱ ሥር ነበር። ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ተካ በጋቢ ቢሸፍኗትም ከጋቢው ሥር ጮኸች።

ዛሬ እናቴ ስልኩን አይታ፣ «ይቺ ዝም ብላ ትለፈልፋለች። የኔዋ መቼ መናገር እንዳለባት ታውቅ ነበር» አለች።

«ለመድኃኔዓለም ሰጥቼዋለሁ አላልሽም ነበር?» አልኳት።

«ሰጠሁት እንጂ። ታዲያ ክስ ያለ ምስክር ይቆማል?»