የኬልቪን ወንበር ሙቀት

ሜቪስ ዕድሜዋን ሙሉ ሾፌር ነበረች። አውስትራሊያ ውስጥ፣ ፖርት ፒሪ ከተማ ላይ ተማሪ ስታመላልስ ኖራ፣ ጡረታ ስትወጣ ከባሏ ከኬልቪን ጋር ቤታቸውን ሸጠው የሚታደርበት መኪና ገዙ። የምትነዳው እሷ ናት። እሱ የከተማው ብረት ማቅለጫ ሥራ ወገቡን ስለጎዳው ከጎኗ ይቀመጥ ነበር። ስትጠይቀው ግን «ወገቤ ደህና ነው» ነው መልሱ፣ ሁልጊዜ።

ኬልቪን ሞተ። ከዚያ ወዲህ ወንበሩ ጠዋት ጠዋት ይሞቃል፤ አሁን ገና ሰው የተነሳበት ይመስላል። መጀመሪያ ፈራች። ኋላ ግን እጇን አሳርፋ «ደህና አደርክ?» ማለት ለመደች። ለማንም አልተናገረችም፤ ማንንም አላስቀመጠችበትም።

ሴዱና የምትባል ከተማ ስትደርስ የመኪናው ባትሪ እምቢ አለ። ማቀዝቀዣው የሚሠራው በዚሁ ባትሪ ነው፤ ውስጡ የስኳር መርፌዋ አለ። ከፊቷ ያለው ደግሞ ሰው የሌለበት ሜዳ ነው። አጠገቧ መኪናዋን ያቆመችው ራይሊን፣ የጭነት መኪና ኤሌክትሪክ ስትጠግን የኖረች ሴት፣ የኤሌክትሪክ መለኪያዋን ይዛ መጣችና ከራሷ ባትሪ በገመድ ቀጠለችላት።

«አስነሺው እስቲ። አሥራ አራት ቮልት! ዲናሞሽ ካንቺ ይሻላል፣ ጤነኛ ነው።»

«አዲስ ባትሪ ገዝቻለሁ እኮ።»

«መቶ ብትገዢስ! አሁን አጥፊው። ይኸው፣ ሁሉም ጠፍቶ እንኳ ባትሪሽን የሚጠጣ ነገር አለ። ሌባ አለብሽ።»

ራይሊን ፊውዞቹን አንድ በአንድ ነቀለች። መጠጣቱ አልቆመም። ከዚያ ከባትሪው በቀጥታ የወጣ ቀጭን ሽቦ አገኘችና ምንጣፉን እየገለጠች ተከተለችው። ወደ ኬልቪን ወንበር ነበር የሚሄደው።

«እሱን ተዪው» አለች ሜቪስ።

«ምን ሆንሽ?»

«ተዪው አልኩሽ!»

ራይሊን ቀና ብላ አየቻት። «የኔ እህት፣ ከሽፋኑ ሥር የወገብ ማሞቂያ አለ። ሰውየሽ ነው የቀጠለው። ማብሪያው እዚህ ጎኑ ላይ ነው፤ እንደበራ ቀርቷል።»

ሜቪስ አምቡላንስ ኬልቪንን የወሰደበት ቀን ትዝ አላት። ከዚህ ወንበር ነበር ያነሱት። ለካ ወገቡን ያን ያህል ያመው ነበር።

«ልቁረጠው?»

«አይ። እኔ ላጥፋው።»

ጣቷ ማብሪያው ላይ ቆየ። እሱ የነካው የመጨረሻው ነገር ነው። ወደ ማቀዝቀዣው ዞር ብላ አየች። ከዚያ ተጫነችው፤ ወንበሩ ላይም ተቀምጣ እስኪበርድ ጠበቀች። ራይሊን ፊውዞቹን ወደ ቦታቸው መለሰች።

ሌሊቱን ቻርጅ ሲደረግ ያደረው ባትሪ ጠዋት ሙሉ ነበር። ሜቪስ መርፌዋን ተወጋችና ሜዳውን ተያያዘችው። መንገድ ላይ አንድ እጇ ሳታዘው ወደ ወንበሩ ሄደ። ቀዝቃዛ ነው። እጇን ግን አላነሳችም።