የቀሪ ሰው ዋስ

አውጫጭኝን የማያውቅ ትውልድ ስለመጣ ልንገራችሁ። በሬ ሲሰረቅ ወይም ክምር ሲቃጠል ያገሩ ሰው ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ያየም የሰማም ለተመረጡት ሽማግሎች ሹክ ይላል፤ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም። ከቀረህ መጀመሪያ የምትጠረጠረው አንተ ነህ። ልጅ ሆኜ ይህን ሥርዓት እወደው ነበር፤ ሥራ ፈትቶ ሰው ሲያይ መዋል የማይወድ ማን አለ? ጥልያን ደብረ ታቦር ላይ ምሽግ ሠርቶ ከተቀመጠ በኋላ ግን ጠላሁት።

ባሌ ዱር ገብቶ ነበርና። ከጋፋት በላይ ባለችው መንደራችን ይህን የማያውቅ አልነበረም፤ አፍ አውጥቶ የሚናገርም አልነበረም። እኔ ለጠየቀኝ ሁሉ "እብናት እህል ሊሸምት ወርዷል" እል ነበር። ይህ እህል ስንት ወር እንደሚሸመት የጠየቀኝ ሰው የለም፣ እግዜር ይስጣቸው።

እርሻ ሊጀመር ሲል የአንድ ጎረቤታችን በሬ ጠፋ። ሰውየው የባሌ እኩያ ነው፤ ያለው ሁለት በሬ ብቻ ነበር። ሚስቱ ኡኡ ብላ ጮኸች፤ ጥልያን የሾመው ጭቃ ሹም ሰማ። "አውጫጭኝ ይደረጋል። የቀረውን ሰው ስም ለምሽጉ አስታውቃለሁ" አለ። ስሙ ምሽግ የደረሰ ሰው ቤቱ ይቃጠላል። የሚቃጠለው እንግዲህ የእኔ ቤት ነው፣ ከነልጄ፣ ከነአማቴ።

ሽማግሎቹ "ማን መቅረት እንደሚችል ሕዝብ ሳይመክርበት አይሆንም" ብለው ተሟገቱና እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከቤተ ክርስቲያኑ ታች ወይራው ሥር ተሰበሰብን። አራስ ትቅር ተባለ። ሐዘን የተቀመጠ ይቅር ተባለ። አንዱ "ሚስቱ ያኮረፈችበትስ?" ብሎ አሳቀን። ሙስሊሙ ሸማኔ "ዓርብ ላይ ከዋለ እኛን ቆዩን፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ እንደርሳለን" አሉ፤ እሱም ሆነ።

ይኸኔ አማቴ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ። እኚህ ሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ "ከሸንጎ የሚቀር ሬሳ ብቻ ነው" ሲሉ የኖሩ፣ እግራቸው ተሰብሮ እንኳ በበቅሎ ተጭነው የመጡ ናቸው።

"ጣራ ገዳም ሱባኤ የገባ ሰውስ? ከፈጣሪው ጋር የሚነጋገረውን ሰው ለበሬ ጉዳይ ልንጠራው ነው?" አሉ።

ውሸት አያውቁበትም፤ በዚያ ብርድ ላብ አጠመቃቸው። ከዚያ በፊት ቁጡ ናቸው ብዬ እፈራቸው ነበር፤ ያን ቀን ግን እንደ ወለደኝ አባቴ ወደድኳቸው።

ቄሱ "ይገባል" አሉ። ሕዝቡም "ይገባል! ይገባል!" አለ። ጭቃ ሹሙ ዓይኑን እኔ ላይ ጣለ።

"እሺ፣ ጣራ ገዳም ሱባኤ የገባ ይቅር። ግን ለሚቀረው ሰው ዋስ ይጠራለት። ዘመድ ዋስ አይሆንም። ነገሩ ሐሰት ከሆነ ዋሱ ከነቤቱ ይጠየቃል።"

አሁን ሲስቅ የነበረው ሁሉ መሬት መሬቱን ያይ ጀመር። ሁሉም ልጅ አለው፣ አልፈረድኩባቸውም ብል ደስ ይለኝ ነበር። ግን ያን ሰዓት አንድ በአንድ ረገምኳቸው።

"ዋሱ እኔ ነኝ" አለ አንድ ሰው ከኋላ።

ባለ በሬው ነው! ሰው ሁሉ ይገኝልኝ ብሎ መሟገት የነበረበት ራሱ ከሳሹ። ጭቃ ሹሙ "በሬው ያንተ አይደለም እንዴ?" ቢለው፣ "የኔ ነው። ከሳሹ ያልጠረጠረውን ማን ሊጠረጥር ነው?" አለው። ጭቃ ሹሙ ሳይወድ በግዱ ዋስነቱን ተቀበለ።

አውጫጭኙ ተደረገ፤ ሌባ አልተገኘም። ያ ሰው የቀረውን አንድ በሬ ከእኛ አንድ በሬ ጋር አቀናጅቶ የራሱንም የእኛንም ማሳ አረሰ። አማቴ እርፉን ሊቀበሉት በሞከሩ ቁጥር "አርፈው ይቀመጡ" ይላቸዋል።

ጥልያን ሲወጣ ባሌ መጣ፣ ከስቶ፣ ፀጉሩ ትከሻው ላይ ወርዶ። ልጃችን ፈርቶት አለቀሰ። እኔም እያለቀስኩ የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ደስ ይለዋል ስል ፊቱ ጠቆረ።

"በሬውን የበላነው እኛ ነን" አለኝ። "ርሃብ ጨርሶን ነበር። የማን እንደሆነ እያወቅሁ ነው የነዳሁት።"

በማግስቱ፣ ይቅርታ ጠያቂ እንደሚያደርገው፣ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ሄዶ የሰውየው ደጅ ላይ ተደፋ። እኔና አማቴ ከኋላው ቆምን። ሰውየው ወጣ፤ ሦስታችንን አየ፤ ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን በገዛ እጁ አወረደለት።

"ቆዳውን እኮ ወይራው ሥር ሳንሰበሰብ በፊት ጫካው ዳር አግኝቼ ቀብሬዋለሁ" አለው። "ተነስ በል። እኔ ዋስህ ነኝ እንጂ ከሳሽህ አይደለሁም።"