ስለ ንብ ለመመስከር ወደ አጋሮ የሄድኩ ዕለት

ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ጅማ፣ ሄርማታ ገበያ

ገበያው ገና አልተከፈተም። ከመስጊድ የወጡ ሰዎች ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ያልፋሉ፤ እኔ ደግሞ ቀበሌ የሰጠኝን የይለፍ ወረቀት በደረት ኪሴ ይዤ ላንድሮቨር ላይ ቦታ ለማግኘት እጋፋለሁ። በደርግ ጊዜ ያለዚያ ወረቀት ከከተማ መውጣት የማይታሰብ ነበር። የኔው «መምህሩ ለገበሬዎች ስለ ነፍሳት ትምህርት ሊሰጥ ወደ አጋሮ አካባቢ ይሄዳል፤ ሲጨርስ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ማኅተም ያድርግለት» ይላል። የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። የጠራኝ ራሱ ሊቀመንበሩ ነው። ለምን እንደፈለገኝ አልጻፈም፤ እኔም አንድ ቀን ከጠመኔ አቧራ ላርፍ ብዬ አልጠየቅኩም።

ለስምንት ሰው በተሠራ መኪና አሥራ አራት ሆነን ተነሳን። ታሪፉ ሁለት ብር ነው፤ የተቀመጠም የተንጠለጠለም እኩል ይከፍላል።

አንድ ሰዓት ተኩል፣ የቡ ከተማ

ቀይ አቧራ፣ ኮረኮንች፣ በየደጁ ምንጣፍ ላይ የተሰጣ ቡና። ሹፌራችን ሽኩር የስሙኒ ፓስቲ ገዝቶ ሊጎርስ ሲል ዝንብ አረፈችበት። ዐመሌ ነውና አፌን መያዝ አልቻልኩም፤ ዝንብ የምትቀምሰው በእግሯ ነው፣ አሁን ፓስቲህን ረግጣ ጣዕሙን እያጣጣመች ነው አልኩት። ሽኩር ፓስቲውን አየ፣ እኔን አየ፣ ዝንቧን አባረረና ጎረሰ። እሷን ከጣማት እኔን ምን ያንገሸግሸኛል አለ። ቀጠልኩ፤ ደማችንን የምትመጠው ሴቷ ትንኝ ብቻ ናት፣ ወንዱ የአበባ ወለላ እየላሰ ማንንም ሳይነካ ይኖራል። ይህንንስ ሳልማርም አውቀዋለሁ ብሎ ጣቱን ወደ ቤቱ አቅጣጫ ቀሰረ። መኪናው ሙሉ ሳቀ።

ከጎኔ የተቀመጡት ጠና ያሉ ሴት ግን አልሳቁም። አዴ ሐሊማ ይባላሉ፤ በዚያ አገር እናቶች የሚጠሩት አዴ እየተባሉ ነው።

«ማሎ፣ እባክህ መምህር፣ ንብስ?» አሉኝ። «ንብ የሴት እጅ ትጠላለች?»

ታሪካቸውን መንገድ ላይ ሰማሁ። ባላቸው ክረምት ላይ ሲሞቱ በቡናው ጥላ ዛፎች ላይ የተሰቀሉ አሥራ ሁለት ቀፎዎች ትተውላቸዋል። ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት በዚያ ማር ነው። በአካባቢው ወግ ግን ቀፎ የወንድ ነው። በማታ ዛፍ የሚወጣው፣ የሚያጨሰው፣ ማር የሚቆርጠው ወንድ ነው። ሊቀመንበሩ ታዲያ ንብ ለሴት አትገራም፣ ቀፎው ለማኅበሩ ይሁን ብሏል። ማኅበሩ ማለት በተግባር የሊቀመንበሩ ወንድም ነው። አዴ ሐሊማ አቤት ለማለት ጅማ ሦስት ቀን ተመላልሰው፣ ሦስቱንም ቀን «ነገ ይምጡ» ተብለው ነው የሚመለሱት። ውሳኔው ዛሬ በስብሰባ ይሰጣል፤ የተማረ ሰውም ከከተማ መጥቶ ለሊቀመንበሩ ይመሰክራል ተብሏል።

የተማረው ሰው እኔ መሆኔ ሲገባኝ ፈራሁ። ማኅተሜ በሊቀመንበሩ እጅ ነች።

አምስት ሰዓት፣ ከአጋሮ ወጣ ብሎ

ስብሰባው በማኅበሩ መጋዘን ደጃፍ ነው። ወንዶች ከፊት በርጩማ ላይ፣ ሴቶች ከኋላ ጆንያ ላይ። እጃችንን አንስተን መፈክር አሰማን። ሊቀመንበሩ አባ ቡልጉ ኮፍያውን ደፍቶ፣ ለመሆኑ ሴት ዛፍ ላይ ወጥታ ማር ስትቆርጥ ያየ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ያየ የለም። አዴ ሐሊማም መሬት መሬት እያዩ ዝም አሉ። ዝምታቸው አናደደኝ።

ተራዬ ደረሰና እውነቱን ተናገርኩ። ቀፎ ውስጥ የምትሠራው ንብ በሙሉ ሴት ናት፤ አበባ የምትቀስመው፣ በር የምትጠብቀው፣ የምትነድፈውም እሷው ናት። አውራ የምንለውም ወንድ ሳይሆን የሁሉም እናት ናት። ንግሥት የሚለውን ቃል በዚያ ዘመን ስብሰባ ላይ ማንሳት ስለሚያስፈራ «እናትየዋ» እያልኩ አለፍኩት። ወንዱ፣ ድንጉላው፣ መንደፊያ እንኳ የለውም።

«ታዲያ ወንዱ ምን ይሠራል?» አለ አባ ቡልጉ።

«ለዘር ይፈለጋል። ከዚያ ውጭ ይበላል» አልኩ።

ከኋላ ሳቁ ፈነዳ። ከሴቶቹ መካከል የሊቀመንበሩ ሚስት ብድግ ብላ እስከ መቼ እንደሚቀለብ ጠየቀችኝ። ምግብ ሲያጥር ሴቶቹ እየጎተቱ ከበር ያስወጡታል አልኳት። አመስግና ተቀመጠች። አባ ቡልጉ ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ ደፋ። ግን አልተረታም፤ ንቧ ሴትም ሆነች ወንድ፣ ወጉ ቀፎ የወንድ ነው ይላል ብሎ ድርቅ አለ። ሰውም ራሱን ነቀነቀለት።

ይሄኔ ከዳር ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ሲቆጥሩ የነበሩት ሽማግሌ፣ ሼህ አባ መጫ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሳናውቅ ኖርን፤ አላህ ይማረን» አሉ። «በቀፎው የሞሉት ሴቶች ከሆኑ ባዳ ወንድ በጨለማ እጁን መስደዱ ነውር ነው። ሴቶች ቤት ሴት ትግባ። አባ ቡልጉ፣ ወንድምህ በማታ እዚያ ሲያንዣብብ እንዳላየው።»

ፊታቸው ላይ ሳቅ የለም፤ ጢማቸው ግን ይንቀጠቀጣል። ነውር ነው ከተባለ በኋላ ማን እጁን ለተቃውሞ ያነሳል? ቀፎዎቹ ለአዴ ሐሊማ ተወሰኑ። አባ ቡልጉ ወረቀቴ ላይ ማኅተሙን ሲመታ ጠረጴዛው ተነቃነቀ።

ዘጠኝ ሰዓት፣ መንገድ ዳር

አዴ ሐሊማ አንድ ጣሳ ማር ይዘው ሸኙኝ። ንዴቴ አልወጣልኝም ነበርና ወቀስኳቸው፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ለምን ዝም አሉ፣ ወጥቼ ልሞክር ቢሉ ምን ነበረበት? ግራ ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሃያ ዓመት በማታ ዛፍ የወጣሁት እኔ ነኝ፣ መምህር። ባሌ ንብ ይፈራ ነበር፤ ወላሂ፣ ድምፅዋን ሲሰማ ይንቀጠቀጣል። እኔ ስወጣ ከታች ገመዱን ይዞ ይቆማል። ጠዋት ማሩን ተሸክሞ ገበያ የሚወጣው ግን እሱ ነው።»

«ይህን ቢናገሩ እኮ ክርክርም ባላስፈለገ!»

«ልጆች አሉት» አሉ። «አባታቸው ፈሪ ነበር ይባሉ?»

አፈርኩ። ስለ ንብ ሳስተምር የዋልኩት ሰውዬ ስለ እኚህ ሴት ምንም አላወቅኩም ነበር።

አሥራ አንድ ሰዓት፣ የጅማ መግቢያ ኬላ

የቡና ተቆጣጣሪዎቹ ሁላችንንም አወረዱን። ከተፈቀደው በላይ ቡና ይዞ የተገኘ መከራውን ያያል። አንደኛው ጣሳዬን ከፍቶ ከሥሩ ቡና ይኖራል ብሎ ቀጭን ሽቦ ሰደደበት። የወጣው ማር ነው። ሽቦውን ላሰና እንደገና ፈተሸ። ሦስተኛ ሲፈትሽ ሽኩር፣ ይህ ፍተሻ ከቀጠለ መምህር ቤቱ የሚገባው ባዶ ጣሳ ይዞ ነው ብሎ አጉረመረመ።

«የማን ማር ነው? እጁ ይባረክ» አለ ተቆጣጣሪው ከንፈሩን እየጠረገ።

«የአዴ ሐሊማ ባል ማር ነው» አልኩት። «ንብ የሚባል ነገር የማይፈራ ሰው ነበር።»