የአባቴ መቋሚያ ልክ

አባቴ መቋሚያቸውን ለሙዚየም የሰጡት ማንም ሳያስገድዳቸው ነው። ይኸን አስቀድሜ የምናገረው፣ ሰው ሁሉ "ምነው የሽማግሌ ዘንግ ወሰዱባቸው?" እያለ ሲያዝንላቸው ደሜ ስለሚፈላ ነው። ማንም አልወሰደባቸውም። የሙዚየሙ ዕቃ ሰብሳቢዎች ከየመንደሩ ሌማቱን፣ ሙዳዩን፣ የሣር ገሳውን፣ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለውን ገበቴ እያሰባሰቡ ደብራችን ሲደርሱ፣ አባቴ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ማኅሌት የቆሙበትን የወይራ መቋሚያ ብድግ አድርገው ሰጡ። "ለትውልድ ይቀመጥ። እኔ ሌላ አስቀርጻለሁ" አሉ። ወይራ መቼ ጠፋ ብለው ነው።

አባቴ የደብሩ መሪጌታ ናቸው፤ አገሩ ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። እናቴ ካረፈች ወዲህ ፍኖተ ሰላም ከእኔ ጋር ይኖራሉ። በዓል በመጣ ቁጥር ግን ከጅጋ ማዶ ወዳለው ደብራቸው ሄደው የቀኙን ወገን ይመራሉ። ማኅሌት ረጅም ነው፤ ሽማግሌን ያን ያህል ሰዓት አቁሞ የሚያሳድረው ብብቱ ሥር የሚገባው የመቋሚያው ራስ ነው። ታዲያ ልክ መሆን አለበት። ከረዘመ ትከሻ ይሰቅላል፣ ካጠረ ወገብ ይቆርጣል።

ከገበያ የገዛንላቸው የመጀመሪያው መቋሚያ ረዘመ። ሌላ ገዛን፤ እሱም ረዘመ። በአንዱ በዓል ማኅሌቱ ሳያልቅ ወጥተው ቅጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ይኸን የነገሩኝ እሳቸው ሳይሆኑ ቤት ድረስ የሸኟቸው ቄስ ናቸው። ቄሱ ሲሄዱ አባቴ ብብታቸውን በቅቤ እያሹ፣ "የደብሩ ንግሥ ሳይደርስ ልኬን አግኝልኝ። አለዚያ ወንበር ያቀርቡልኛል" አሉኝ።

ወንበር ማቅረብ ለማያውቀው ሰው አክብሮት ይመስለዋል። በእኛ ደብር ግን ለመሪጌታ ማኅሌት መካከል ወንበር ከቀረበለት፣ ቦታው ለሌላ ተሰጥቷል ማለት ነው። ማንም በአፉ አይናገረውም። አባቴ ይኸን በደንብ ያውቃሉ፤ በወጣትነታቸው ለገዛ መምህራቸው ወንበሩን ተሸክመው ያቀረቡት እሳቸው ናቸው።

እኔ ደግሞ ነገር ማሳደር የማልችል ሰው ነኝ። በማግስቱ የጨርቅ ሱቄን ዘግቼ ሙዚየሙ ሄድሁ። ሙዚየም ይባል እንጂ አንድ ግቢ ጥግ ያሉ ሁለት ክፍሎች ናቸው። መቋሚያው መስታወት ውስጥ፣ እንጀራ በማይቀርብበት ሌማትና ዝናብ በማይመታው ገሳ መካከል ቆሟል። "የጥንት አባቶች ምርኩዝ" የሚል ወረቀት ለጥፈውበታል። ጠባቂዋ ወጣት ናት። የመጣሁበትን ስነግራት መስታወቱን ከፈተችና ዘንጉን እሷው ይዛልኝ በክር ለካሁት። ክሩን ጫፉ ላይ ቋጥሬ፣ ምሳ እንኳ ሳልበላ ቡሬ ሄድሁ።

ከቡሬ ወጣ ብሎ የሚኖረው ቀራጭ የአዊ ሰው ነው። ከሚስቱ ጋር በአዊኛ፣ ከእኔ ጋር በአማርኛ እያወራ ክሩን ተቀበለኝ። "ለየኔታ ከሆነማ ያደረቅሁት ወይራ አለ" አለ። እጁ አይታማም፤ የመቋሚያውን ራስ ከዋንዛ ቀርጾ እንደ ሕፃን ጉንጭ አለስልሶ ሰጠኝ። አባቴ ግን ብብታቸው ሥር አስገብተው ገና በቅጡ ሳይደገፉት "ረዝሟል" አሉ።

በዚያ ላይ መንገድ ተዘግቶ ሰነበተ። ሱቅ ቢከፈት ገዥ የለም፤ ቤት ብገባ አባቴ ግቢው ውስጥ በረጅሙ ዘንግ አንዴ ይቆማሉ፣ አንዴ ይቀመጣሉ። ንግሡ እየቀረበ ነው። ሌሊት ሲያንጎራጉሩ እሰማቸዋለሁ፤ እኔም እንቅልፍ የለኝ። ሳህን ሳጥብ ሳህን ሰበርሁ። መንገዱ መከፈቱን የሰማሁ ዕለት ዘንጉን በብብቴ ይዤ ቡሬ ገሠገሥሁና ቀራጩ ላይ ጮህሁበት።

"በሰጠሽኝ ክር ነው የሠራሁት" አለኝ ሳይቆጣ። "ክሩ ተስቦ እንዳይሆን፣ እቴ።"

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኸ ነው። ስንት ዓመት ጨርቅ በሜትር ስሸጥ ኖሬ፣ የአባቴን መቋሚያ በክር መለካቴ ራሴን አስጠላኝ። አዲሱን ዘንግ እንደያዝሁ ሙዚየሙ ተመለስሁ። ጠባቂዋ ሳቋን እየዋጠች አሮጌውን አወጣችና ሁለቱን ጎን ለጎን አቆምናቸው። እኩል ናቸው። በሱቄ ሜትር ደግሜ ለካኋቸው። አሁንም እኩል ናቸው።

ቤት ገብቼ ይኸንኑ ለአባቴ ነገርኋቸው። "እንግዲያው ከታች በኩል ትንሽ ይቆረጥልዎና እንገላገል" አልሁ።

"አይቆረጥም!" አሉ። "ያን ልክ የሰጡኝ መምህሬ ናቸው። በብብቴ ለክተው ያስቀረጹልኝ እሳቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም።" ከዚያ አዲሱን ዘንግ ግድግዳው ላይ አስደገፉት። ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር። "እዚያ ያለው የኔ አይደለም። ለውጠውታል።"

የሳቸው ልጅ አይደለሁ? ወዲያው አመንኋቸው። ጥፋተኛ በመገኘቱ እንዲያውም ቀለል አለኝ። በማግስቱ አባትና ልጅ ነጠላችንን አጣፍተን፣ አዲሱን ዘንግ ይዘን፣ ለጠብ ተዘጋጅተን ሙዚየሙ ደረስን። አባቴ በመጀመሪያ ወረቀቱን አነበቡ። "ጥንት የተባልሁት እኔ ነኝ?" አሉ። "ምርኩዝስ የመንገደኛ ነው። ይኸ መቋሚያ ነው።" ቀጥለው ዕቃቸው እንደተለወጠ ተናገሩ። ልጅቱ ደነገጠች። ብትቆጣ ደስ ይለኝ ነበር፤ እሷ ግን መስታወቱን ከፍታ መቋሚያውን በሁለት እጇ አቀረበችላቸው። "እስቲ ራስዎ ይዩት፣ የኔታ" አለች።

አባቴ ዘንጉን በመዳፋቸው ወደ ታች ወደ ላይ ዳበሱት። ከራሱ ሥር ተሰንጥቆ በጠፍር ያሰሩት ቦታ አለ፤ ጣታቸው እዚያ ሲደርስ ቆመ። እናቴ በሕይወት ሳለች እንደተሰነጠቀ፣ ጠፍሩን የቆረጠችላቸውም እሷ እንደሆነች አውቃለሁ። ጠፍሩ ራሱ ነው። ከዚያ እግራቸውን አስተካክለው፣ ማኅሌት እንደሚቆሙት ሆነው፣ ብብታቸው ሥር አስገቡት።

ትከሻቸው ወደ ጆሯቸው ተሰቀለ። ተረከዛቸው ከመሬት ተነሣ።

የሚያስለቅሰኝን ነገር ሁሉ በቁጣ ነው የማልፈው። ያን ጊዜ ግን የምቆጣው ሰው አጣሁ። ቀራጩ ልክ ነው፣ ክሩ ልክ ነው፣ ልጅቱ ልክ ናት። በየቀኑ ምሳ አብሬያቸው እየበላሁ፣ ነጠላቸውን እያጠብሁ፣ አባቴ እንዲህ ማጠራቸውን አላየሁም። እንዴት አላየሁም? ዓይኔን ገሳው ላይ ተክዬ ቀረሁ።

"እሱስ እሱው ነው" አሉ አባቴ። መቋሚያውን አውጥተው ለልጅቱ መለሱላት። "ተቀበይኝ፣ ልጄ። በክፉ ስለጠረጠርኋችሁ ይቅር በይኝ።"

ከዚያው በቀጥታ አዲሱን ዘንግ ይዘን የቡሬን ሚኒባስ ተሳፈርን። ቀራጩ ሲያየን ልቡ የነገረው መሰለኝ፤ ምንም ሳይጠይቅ አባቴን በሩ ላይ አቆማቸው። ስንት ሜትር እንደሚበቃው ለማወቅ ሱቄ ውስጥ ሰው ስለካ "ቀና በሉ" ማለት ልማዴ ነው። አፌ ድረስ መጥቶ መለስሁት። አባቴም ቀና ለማለት አልሞከሩም፤ እንደ ጎበጡ፣ እንዳሉ ቆሙለት። ቀራጩ ከብብታቸው እስከ መሬት ለክቶ ዘንጉ ላይ ከታች በኩል በከሰል ምልክት አደረገ።

አባቴ ጎንበስ ብለው ምልክቱን አዩት። ከዚያ በጣታቸው ከምልክቱ ከፍ ያለ ቦታ አሳዩት።

"ከዚህ ላይ ቁረጠው" አሉ።

"ኧረ ያጥርብዎታል፣ የኔታ።"

"ይጠር። ለከርሞም እንዲሆነኝ ነው።"

ቀራጩ መጋዙን እንደያዘ ወደ እኔ ዞረ። እኔም ጮህሁ። "የዘንድሮውን ብቻ ቁረጥ! ለከርሞ እንደገና ይዣቸው እመጣለሁ።"

አባቴ ጣታቸውን ከዘንጉ ላይ አነሡ። ቀራጩም ምልክቱ ላይ ቆረጠ።